የሀመሶ ገመድ

በባጃጄ መስታወት ላይ «ቀስ በል ወንድሜ» ይላል፤
የጻፍኩት እኔው ነኝ፤
ከውስጥ ለሚነዳው ግን ፊደሉ ይገለበጣል።

የዚያን ዕለት ማለዳ፣ ጉም ከሐይቁ ሳይለቅ፣
ሦስት በሕግ፣ አንድ በትርፍ ጭኜ ከትራፊክ ስደበቅ፣
ከአሞራ ገደል ወደ ላይ፣ በውስጥ መንገድ ስበር፣
ከዋርካው ሥር የወረደ አንድ ጥቁር ነገር ነበር።

እሱ አልጮኸም። እኔ ጮኽኩ።
ከኋላ «ጉሬዛ ነው፣ ሰው መስሎህ ነው? ንዳ!» አሉኝ፤
ወረድኩ፤ እግሮቼ ግን ወዲያው አልታዘዙኝ።

ጉሬዛን አስተውላችሁታል? ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣
ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሽማግሌ ነው፣ በሌሊት ተነሥቶ።
«ሁልጊዜ ማን ሞቶበት ነው?» እል ነበረ ሳየው፤
ለካ ለራሱ ለቅሶ ነው አስቀድሞ የለበሰው።

እናት ነበረች። ከደረቷ የተጣበቀ ልጇን አደጋው አልደረሰው፤
ጉሬዛ ሲወለድ፣ መርዶ እንዳልሰማ ሰው፣ ነጭ በነጭ ነው የሚለብሰው።
እጄን ስዘረጋ አንዲት ሌላ ከዛፉ ወርዳ ቀደመችኝ፤
ሕፃኑን አቅፋ ወጣች፤ ዘወር ብላም አላየችኝ።

ለሰው ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፤
ዛፍ ላይ ማን ይላካል?

ሀመሶ መረብ ጠጋኝ ነው፤ ከጀልባዎቹ ጥግ አገኘሁት፤
ክሩን በጥርሱ እንደያዘ፣ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።
ቆየ። «ድሮ» አለ፣ «ዛፎቹ ከላይ ይጨባበጡ ነበረ፤
ይሄ አስፋልት ሲሰፋ ነው እጅ እጃቸው በመጋዝ የቀረ።
እንስሳው አይደለም መንገድ ያቋረጠው፤
መንገዱ ነው እንስሳውን መሐል ለመሐል የቆረጠው።»

ቆሮሶ የሚያሾልክ፣ ለሐይቅ የማይሆን መረብ ሰበሰበ፤
ገመድ ከገመድ፣ ቋጠሮ ከቋጠሮ፣ ስድስት ሌሊት ተበተበ።
እኛ የባጃጅ ልጆች አሥራ አምስት አሥራ አምስት ብር አዋጣን፤
ዱሪቴ፣ የመብራት ኃይሏ፣ በእረፍት ቀኗ መሰላል ይዛ መጣችልን።
«ከሽቦው በታች! ከአይሱዙ በላይ!» እያለች፣ ወገቧን ከግንዱ አስራ፣
ከዋርካ ዋርካ ተወጠረ፤ እሑድ ነበር፣ በጠራራ።

ሳቁብን።
«የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሳይነጠፍ ለጉሬዛ ድልድይ!»
ሃምሳ ቀን ያህል ማንም አልረገጠው፤ ብቻውን ይታያል ከላይ።
አንድ አባ ኮዳ ቆሞበት፣ እንደ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አንገቱን ነቅንቆ፣
ኩሱን ጥሎ ሄደ።
ቀጥሎ ጦጣ መጣ፣ የሰው ማንጎ ሰርቆ።
ባለማንጎዋ እኔን ሰደበች፤ እኔ ሀመሶን አማረርኩ።
«ዓሣ» አለኝ፣ «በቀጠሮ መጥቶልኝ አያውቅም።»
ሌላ አልጨመረም።

ተራ ስጠብቅ ከዚያው ከዋርካው ሥር ነው የማቆመው፤
ወረፋዬ አልፎ ሲጮኹብኝ እንኳ፣ ገመዱን ነው የማየው።

በሰኔ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ አንዲት ሴት ጭኜ ስመለስ፣
ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። ፍሬን ያዝኩ። ቀስ።
መጀመሪያ ትልቁ ወንድ፣ ነጭ ጭራው ወደ እኛ ወርዶ፤
አንድ እጅ፣ ሌላ እጅ፤ ቆም ብሎ ገመዱን አሸተተ፤
ተሻገረ።
ቀጥላ ያቺ አሳዳጊ፣
ልጁ ከሆዷ ተጣብቆ፤
ትከሻው መጥቆር ጀምሯል፤ ደርሶታል መርዶ።

ከታች ጋሪ አለፈ፣ አይሱዙ አለፈ፣ ማንም ቀና አላለ፤
ተሳፋሪዋ አንገቷን አውጥታ፣ «ምን አለ?»
«ምንም፤ ገመድ ነው» አልኳት።
ዋርካው ሁሉንም ሰወረ፤
ገመዱ ግን ገና ይወዛወዝ ነበረ።